ፖስታው ጎርጎራ፣ ሰዉ ቁንዝላ

ዘር መቁጠርን እንደ ተራ ወግ የሚያዩ ሰዎች አሉ። አይፈረድባቸውም፤ አልደረሰባቸውማ! ሰባት ቤት ሳይራራቅ ስለተጋባ ሰው ሐይቁ ዳር ምን እንደሚባል ቢሰሙ ኖሮ ልባቸው ይደነግጥ ነበር። ፀሐይወርቅ የደሴ ልጅ ብትሆንም ባሕር ዳር፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ታይፒስት ሆና ስትኖር ብዙ ሰምታለች። እንቅልፍ የነሣትም መስማቷ ነው።

ልጇ እናትዓለም አስተማሪ ናት። አብሯት የሚያስተምረው ክንዱ ሽማግሌ ልኮ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የክንዱ አባት አቶ አንዳርጋቸው በልጅነታቸው ከቁንዝላ ወጥተው ባሕር ዳር በመንግሥት ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ቢሆንም ዘራቸውን አልረሱም። ሽማግሌው ሁሉ በተቀመጠበት ጣታቸውን እያጠፉ፣ “እኔ አንድ፤ አባቴ ገብረ መስቀል ሁለት፤ ተክለ ጊዮርጊስ ሦስት፤ አለቃ ድንቁ አራት” እያሉ እስከ ሰባት ቤት አወረዱት።

“በእናንተ በኩልስ?” አሉ።

በእናት በኩል ጣጣ አልነበረውም፤ ደሴና ቁንዝላን ምን አገናኛቸው! ጭንቁ በአባት በኩል ነው። ባሏ ደሞዝ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። በሕይወት ሳለም ስለ ዘመዶቹ ከተጠየቀ “አንዲት አክስት አለችኝ” ይልና ወሬ ይቀይራል። ፀሐይወርቅ የምታውቀው ለዘመን መለወጫ ለአክስቱ ደብዳቤ ሲልክ በፖስታው ላይ ራሷ ትጽፍለት የነበረውን አድራሻ ብቻ ነው።

“አክስቱ ጎርጎራ ናቸው፤ ጎንደር” አለች።

የአቶ አንዳርጋቸው ፊት ፈካ። “እሰይ! እኛ ጎጃም፣ እናንተ ጎንደር፤ ሐይቁ በመሃል ተኝቷል። እንግዲያው ለወጉ ያህል የአያት ቅድመ አያቶቹን ስም አምጡልን፤ ሳይቆጠርማ አይሆንም።”

ፀሐይወርቅ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዳ፣ የይለፍ ወረቀት ልታወጣ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጉዳይዋን ሲሰማ ሳቀባት። “ጓድ ፀሐይወርቅ፣ አብዮቱ እኮ ዘር አይቆጥርም!” የራሱ እህት ስታገባ ግን ሽማግሌ ሰብስቦ ያስቆጠረ እሱ ነበር፤ ጉድ እኮ ነው! ብቻ ማኅተሙን መታላት።

የተሳፈረችባት የጎርጎራ ጀልባ በየወደቡ እየቆመች ታዘግማለች። ቁንዝላ ቆማ እህል ስትጭን ፀሐይወርቅ ከመቀመጫዋም አልተነሣች። “የአማቾቼ አገር ይህ ነው እንግዲህ” ብላ በሩቁ አይታ አለፈችው። ምን ጉዳይ አላትና!

ጎርጎራ ግን የባሏን አክስት፣ ሙሉነሽ ወልደ ዮሐንስን፣ የሚያውቅ ጠፋ። ቀበሌው “በእኛ ክልል እንዲህ የምትባል ሴት የለችም” አላት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠየቀች፤ የለችም። ገበያው ላይ ጠየቀች፤ የለችም። ደሞዝ ዋሽቷት ይሆን? ለማን ነበር ያን ሁሉ ዓመት ስትጽፍ የኖረችው?

በመጨረሻ ወደቡ ላይ፣ ዱሮ ከጀልባ ዕቃ ሲያወርዱ የኖሩ ሽማግሌ አገኘች።

“አይ እመቤት፣” አሉ፣ “የጎርጎራ ፖስታው ነው እንጂ ሴትዮዋ መቼ ናት! የዚያ ሁሉ የሐይቅ ዳር ሰው ደብዳቤ እዚህ ነበር የሚወርደው፤ ከዚህ ነው መንገደኛ በእጁ የሚያደርስለት። ሙሉነሽማ የደንገል ማርያም ሰው ናት።”

“ደንገል ማርያም የት ነው?”

“ቁንዝላ አጠገብ ነዋ! አንዲት ወንዝ ናት የምትለያቸው። ጥንት ወደ ጎንደር ይገብሩ ነበር፤ ኋላ ወሰኑ ሲዞር ወደ ጎጃም ሆኑ። ግዛቱን አዞሩት፣ አድራሻውን ማን ያዙረው? ሰዉም እንደለመደው ጎርጎራ እያለ ያስጽፋል።”

ጎጃምና ጎንደር ተብሎ ደስ የተባለበት ነገር፣ ለካ የአንድ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ኖሯል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

በመልሱ ጀልባ ቁንዝላ ስትወርድ፣ የክንዱ ዘመዶች እንዳያዩኝ ብላ በነጠላዋ ተከናነበች። አማች የሚሆን ሰው እንደ ሌባ ተሸፍኖ ሲገባ ይታያችሁ! ወንዟን ተሻግራ፣ ቤቱን ጠይቃ ደረሰች። ወይዘሮ ሙሉነሽ ሚስቱ መሆኗን ሲሰሙ አንገቷን አቅፈው ስለ ደሞዝ እንደ አዲስ አለቀሱ።

“መርዶው ሲደርሰኝ እዚሁ ተቀምጨ ብቻየን አለቀስሁ” አሉ።

ፀሐይወርቅ እንባዋን ጠርጋ ጉዳዩን ነገረቻቸው። አሮጊቷ ኮራ ብለው ተቀመጡና ቆጠሩላት። “ደሞዝ አንድ። እናቱ፣ እህቴ ሸዋዬ፣ ሁለት። አባታችን ወልደ ዮሐንስ ሦስት። የሱ አባት አለቃ ድንቁ አራት።”

“ይበቃል፣ እማማ” አለች ፀሐይወርቅ። “ይበቃል። ልጁ የአንዳርጋቸው ገብረ መስቀል ልጅ ነው። እነሱም አራተኛው ላይ አለቃ ድንቁ አሉ።”

“ወይ እኔን!” አሉ ሙሉነሽ።

ፀሐይወርቅ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ተንሰቀሰቀች። ልጄን ምን ብዬ እነግራታለሁ? “የምትወጂው ወንድምሽ ነው” ልበላት? አሮጊቷ አላባበሏትም። ወደ ሐይቁ እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

“ደሞዝ የሸዋዬ የሆዷ ፍሬ አይደለም። እሷ መካን ነበረች። መንገደኛ ጥሎት የሄደ ሕፃን ነው፤ አንሥታ አሳደገችው። የኛ ደም የለበትም።”

ፀሐይወርቅ ቀና አለች። “ይህን ማን ያውቃል?”

“ሸዋዬና እኔ። ሸዋዬም ሞተች።”

“እሱስ?”

“ማን ይንገረው!”

“እማማ፣ እውነት ነው? ይማሉልኝ።”

ሙሉነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። “በዚህ ዕድሜየ መሐላ አልገባም። ልጅሽን ከወደድሽ አንቺ ማይ።”

ባሕር ዳር እስክትደርስ ያ ቃል ውስጧን ሲበላት ነበር። እውነት ከሆነ፣ ደሞዝ ዘር የለው፣ አገር የለው፤ ልጇም በአባቷ በኩል ባዶ ናት። ውሸት ከሆነ ደግሞ… አላሰበችውም። ማሰብ አልቻለችም። እናትዓለም በር ላይ ጠብቃ ዓይን ዓይኗን ስታያት “ተቃንቷል፣ ልጄ፣ ምንም የለም” አለቻት።

ሽማግሌዎቹ ፊት የሰማችውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች። አቶ አንዳርጋቸው ፊታቸው ጠቆረ።

“ሙሉነሽ የሥጋ ዘመዴ ነች። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ላይ ቆመ። እሷ ካልማለች እርስዎ በመስቀሉ ይማሉልን፤ ከማሉ አንድ ነገር የለኝም።”

ቄሱ መስቀሉን ዘረጉ። ከመጋረጃው በስተኋላ የልጇ ትንፋሽ ይሰማታል። ፀሐይወርቅ እጇን መስቀሉ ላይ አድርጋ ደሞዝ የሙሉነሽ ደም እንዳልሆነ ማለች። እልልታው ቀለጠ፤ እሷ ግን እጇ ከመስቀሉ ላይ ቶሎ አልነሣ አላት።

በጥር ሙሉነሽ ለሠርጉ መጡ። ክንዱ ራሱ ከወደቡ ተቀብሎ፣ እጃቸውን ይዞ ዳሱ ውስጥ ከሙሽራዋ ጎን አስቀመጣቸው። አሮጊቷና እናትዓለም ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ፀሐይወርቅ ጠላ እየቀዳች ስታልፍ፣ ጎረቤቷ ጽጌ ከወዲያ ማዶ እጇን አጨብጭባ ጮኸች።

“ኧረ በሞቴ! ሙሽራዋ ቁርጥ አያቷን! ግንባሩን እዩት፣ አፍንጫውን እዩት!”

አቶ አንዳርጋቸው ከመአዱ ቀና አሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ተመለከቷቸው። የፀሐይወርቅ እጅ እንስራው ላይ ደረቀ፤ የፈሰሰው ጠላ እግሯን ሲያርሰው አልታወቃትም።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳቡት።

“ቅጂ እንጂ ልጄ፣” አሉ፣ “እንግዳ ይጠብቃል።”