የሃርል ወንዝ ሰሌዳ ጀርባ

የሃርል ወንዝ አጋርነት የተባለው ማኅበር አርባኛ ዓመቱን የሚያከብረው ድልድዩ አጠገብ ነበር። አዲሱ ሰሌዳ በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ከጎኑ ሳንድዊችና ሻይ ተደርድሯል። የዊኒፍሬድ ዐይን ግን ሰሌዳውን በተሸከሙት ሁለት እንጨቶች ላይ ተተክሏል። ታውቃቸዋለች። እስካለፈው ወር ድረስ «ውሃው ያሳምማል፤ አትግቡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የተሰቀለው እነሱ ላይ ነበር።

ያን ማስጠንቀቂያ ደጅ ጠንታ፣ ለምናና ተቆጥታ ያሰቀለችው እሷ ናት። ልጇ ሄተር ባለፈው በጋ እዚህ ስትንቦጫረቅ ውላ ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሚስተር ክሌግ ጨርቁን ገለጡና የማኅበሩን ታሪክ ከሰሌዳው ላይ ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ ቦት ጫማ ያጠለቁ ጥቂት ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። «የሃርል ወዳጆች» ተብለው አሮጌ ጎማና የተሰበረ አልጋ ከወንዙ ጎትተው አወጡ። ከዚያ ስማቸው ተቀይሮ «የሃርል መድረክ» ተባሉ። ከዚያ «ጥምረት»። የከተማው የውሃና ፍሳሽ ድርጅት ኮሚቴው ውስጥ ወንበር ሲይዝ ደግሞ «አጋርነት» ተባሉ። ስም በተለወጠ ቁጥር አዲስ ዓርማ ወጣ፤ ጭቃ የነካው ቦት ግን ቀስ በቀስ ጠፋ። የድርጅቱ ቧንቧ ዝናብ በጣለ ቁጥር የከተማውን የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ወንዙ ይለቃል። ሰሌዳው ስለ ቧንቧው አንድ ቃል አይተነፍስም፤ የድርጅቱ ዓርማ ግን ከሁሉም ገዝፎ ተቀምጧል።

«አርባ ዓመት ሙሉ ስም ሲያወጡ!» አለች ጎረቤቷ ኤድና። «ልጅ እንኳ ክርስትና የሚነሳው አንዴ ነው።»

ጭብጨባው ሲበርድ ዊኒፍሬድ ጠጋ አለች። «ሚስተር ክሌግ፣ ማስጠንቀቂያውን የት አደረሳችሁት?»

«መጋዘን ነው፣ የኔ እናት። አጋሮቻችን በዓሉን ያደበዝዛል አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ንዑስ ኮሚቴ እናቋቁምለታለን።»

«እስከዚያ ልጆቹ ምን ይሁኑ?»

«ኧረ ምንም አይሆኑም! ወንዙ እኮ በጣም ተሻሽሏል!»

ይህን ሲሉ የልጅ ልጃቸው ኦሊቭ ጫማዋን አውልቃ ውሃው ውስጥ ቆማ ነበር። ሚስተር ክሌግ ዞረው አዩ። የሻይ ሲኒያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ኦሊቭ! ውጪ! ኧረ እጅሽን አፍሽ ውስጥ እንዳትከቺ!»

«እንዴ፣ ተሻሽሏል አልነበር?» አለች ኤድና። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

አዛውንቱ ልጅቷን አፈፍ አድርገው አወጧትና በዚያው ሰማያዊ ጨርቅ ያደርቋት ጀመር። ዊኒፍሬድ አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ንጹሕ ውሃና ሳሙና አውጥታ ሰጠቻቸው። ልጇ ከታመመች ወዲህ ከቦርሳዋ አይለዩም።

«የጥፍሯን ሥር በደንብ ይጠቡላት» አለች። «ማስጠንቀቂያውንስ? ነገ ይመልሱታል?»

ሚስተር ክሌግ ዐይኗን ሳያዩ የልጅቷን ጣቶች አሹ። «ኮሚቴው… እስኪ ኮሚቴው ይየው።»

በማግስቱ ጠዋት ዊኒፍሬድ ቀይ ቀለም ይዛ መጣች። ታሪኩ የተጻፈበት የሰሌዳው ፊት የዞረው እንግዶች ወደሚያልፉበት መንገድ ነው፤ ልጆች ወደሚወርዱበት ወገን ያለው ጀርባው ግን ባዶ ነበር። በትልልቁ ጻፈችበት፦ ያሳምማል፤ አትግቡ።

ማንም ሊያጠፋው አልደፈረም። በሚቀጥለው ጸደይ ግን በሰሌዳው ፊት፣ ከታሪኩ መጨረሻ፣ አዲስ መስመር ተጨምሮ አገኘች፦ «አጋርነቱ ከአካባቢው እናቶች ጋር በመተባበር የማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ።»

«እናቶች!» አለች ብቻዋን ቆማ። ከዚያ ወደ ጀርባው ዞረችና ዝናብ ያደበዘዘውን ቀይ ቀለም እንደገና አደመቀችው።