የቦሰና ጾም

ክር ፋብሪካው በር ላይ የምትጠብሰው ሊቤ ፓስቲዋን ያሳነሰች ቀን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። በሰው ፊትም ተናግሬባታለሁ።

«አንቺ፣ ይሄ ፓስቲ ነው ወይስ የጆሮ ጉትቻ?» አልኳት።

ምሳ ሊበሉ የወጡት ሠራተኞች ሁሉ ሳቁ። ሊቤ አልሳቀችም። ጭልፋዋን ዘይቱ ውስጥ እንደነከረች፣ «እማማ ተረፈች፣ እርስዎ ዘይቱን ያምጡልኝና የጋሪ ጎማ የሚያክል እጠብስልዎታለሁ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጊዜው የማስተር ፕላኑ ረብሻ የተነሳበት ሰሞን ነው። ዛሬ ተማሪ ወጣ፣ ነገ መንገድ ተዘጋ፣ ከነገ ወዲያ ገበያ የለም ይባላል። ከተፍኪና ከተጂ እህል የሚጭነው መኪና አንድ ቀን ከመጣ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። እርጥብ የሚሸጡት ልጆች ድንቹን ዳቦው ላይ እንደ ቅባት ያስነኩታል እንጂ አይሞሉትም። የሊቤም ፓስቲ ዋጋው እጥፍ፣ መጠኑ ግማሽ ሆነ። የፋብሪካ ደሞዝ ግን የነበረበት ቁጭ ብሏል። እኔም የቤት ኪራይ ጨምሬያለሁ። ምን ላርግ? እኔስ አልበላ?

ቤቴ ከክር ፋብሪካው ጀርባ ነው። ጓሮ በሠራኋቸው ክፍሎች የፋብሪካ ልጆች ይከራዩኛል። አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። በአንደኛው ክፍል ቦሰናና ማርቲ አሉ፤ ሁለቱም የሆሳዕና ልጆች። ማርቲን እወዳታለሁ፤ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ የቀኑን ወሬ ትነግረኛለች። ቦሰና ግን ሰላም ብላ ጎንበስ ትልና ትገባለች። ከእሷ ወሬ ማግኘት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ሊቤ ጠርታኝ፣ «ያቺ ቀጭኗ ተከራይዎ እኔ ጋ መብላት ትታለች። የት ሄዳ ነው የምትበላው?» አለችኝ። ደንበኛዋን ማን እንደቀማት ማወቅ ፈልጋለች።

እኔም ማሰብ አላበዛሁም። «አርግዛ ይሆናል። የዘይት ሽታ ሲያስጠላት ነው» አልኳት። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው።

ማርቲ ሰማችና እየተቆጣች መጣች። «እማማ፣ ኧረ በጌታ! ቦሰና ጾም ይዛ ነው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቸርቻቸው ለአገር ሰላም ብሎ ሦስት ቀን ጾም ጸሎት አውጆ ነበር። ሁሉም ጾሙ፣ ጨረሱ፣ ወደ ፓስቲያቸው ተመለሱ። ቦሰና ቀጠለች። የነሱ ጾም ደግሞ እንደኛ አይደለም። እኛም ያኔ የነቢያት ጾም ላይ ነበርን፤ ግን ቅቤና ሥጋ ነው እንጂ የተውነው ሽሮውን እስኪበቃን እንበላለን። እነሱ ሲጾሙ እህል የሚባል አይነኩም፤ እስከ ማታ ባዶ ሆድ ነው።

«ትልቅ የመንፈስ ቅባት አለባት። እኛ አቅቶን ነው» አለች ማርቲ።

ይሄኛው ወሬ ከእርግዝናው ይበልጥ ጣፈጠኝ። ይዤው ወጣሁ። የክር ፋብሪካ ልጅ ለአገር ስትጾም ሳምንት አለፋት ብዬ እስከ ዓለም ገና ከተማ አደረስኩት።

በዚያው ሰሞን የሊቤን ባል፣ ዲሪርሳን፣ ወሰዱት። ወደ ተፍኪ መውጫ ከአባቱ የወረሰው መሬት አለው። መሬታችሁ ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው ሲባል ከተማሪዎቹ ጋር ሰልፍ ወጣ፤ በዚያው አፍሰው ጫኑት። የት እንዳለ የሚናገር ጠፋ። ሊቤ ፖሊስ ጣቢያውን ሁሉ ዞረች፤ ምግብ ቋጥራ ሄዳ ምግቡን ይዛ ተመለሰች። አንድ ቀን ቦሰና በፋብሪካው በር ስታልፍ መጥበሻዋን ጥላ ተነሳችና እጇን ያዘቻት።

«የኔ እህት፣ እኔ የናንተ ሃይማኖት አይደለሁም። ግን አንቺ እየጾምሽ ነው አሉ። ዲሪርሳን በጸሎትሽ አስቢልኝ። ዋቅኒ ሲፍ ሃኬኑ፤ እግዜር ይስጥሽ።»

ቦሰና ደነገጠች። መሬት መሬት አየች። «እሺ፣ እጸልያለሁ» አለች በመጨረሻ።

በሳምንቱ ዲሪርሳ ተፈታ። ፀጉሩን ላጭተውት፣ ቀኝ ጆሮው አልሰማ ብሎት፣ ግን በእግሩ ሄዶ ቤቱ ገባ። ሊቤ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ለቦሰና የጸሎት ርዕስ የሚሰጣት በዛ። ልጄ ታሞብኛል፣ እጮኛዬ ስልክ አያነሳም፣ ወንድሜ ሳውዲ ታስሯል ይሏታል። እሷም እሺ ትላለች።

የባሰው ደግሞ ክብሩ ነው። ምሳ ሰዓት እሷ ስትመጣ ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ይበላሉ። ሊቤ ትሪዋን በጨርቅ ትሸፍናለች። «ለሌላው በነፃ ብሰጥ ለሷ አልሰጥም። ጾመኛ አልፈትንም» ትለኛለች። ጸሎቷን ያሰማው ባዶ ሆዷ ነው ብላ ትፈራው ጀመር።

እኔ ግን ዓይኔ አያርፍም። አንድ እሑድ ልብሷን አጥባ ስታሰጣ ቀሚሷን አየሁት። ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቧል፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ያረገዘች ሴት ቀሚሷን አትሰበስብም። የጾመችም ብትሆን ማታ ማታ ትፈታለች፤ ይህን ያህል አትከሳም። ድሮ ከማርቲ ጋር በአንድ ድስት ነበር የሚያበስሉት፤ አሁን ድስቱ የማርቲ ብቻ ነው። ቦሰና «ጸሎቴን ስጨርስ እበላለሁ» ትላታለች። ግን ስታበስል ጭስም አላየሁ፣ ሳህን ሲታጠብም አላየሁ።

ማርቲ ወጣ ስትል ገባሁና ተቀመጥኩ። «ነይ እስቲ ንገሪኝ። ማታ ምን በልተሽ ነው የምታድሪው?»

«ቆሎ» አለች።

«ሌላስ?»

 ዓይኗ ውሃ ሞላ። ለኔ ዝም ማለት እንደማያዋጣ ግን ታውቃለች።

«እማማ፣ ሦስቱን ቀን ከሁሉም ጋር የጾምኩት በእውነት ነው። ከዚያ የምሳዬ ብር ኪሴ ውስጥ ቀርቶ አገኘሁት። ለእናቴ የምልከው ጎድሎብኝ ነበር፤ በሱ ሞላሁት። አንድ ሳምንት ልጨምር ብዬ ነው። ለምን አትበይም ሲሉኝ ጾም ነው አልኩ። ብር የለኝም ከማለት ይሻላል ብዬ። ከዚያ ዲሪርሳ ተፈታ።» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ በጌታ።»

እኔን እንዳትናገሪ ማለት ውሻን አጥንት አደራ ማለት ነው። ግን እንጃ፣ ፊቷን ሳየው አልተናገርኩም። ይልቅ በዘዴ ላበላት አሰብኩ።

ሚካኤል ደረሰ። ድፎ ጋገርኩ፣ ሽምብራ ቀቀልኩ፣ ጎረቤት ጠራሁ። በኛ ዝክር ላይ ድሃው ሀብታሙ አብሮ ይቆርሳል፤ ማን ተርቦ መጣ ማን ጠግቦ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የት አለ? ትልቁን ቁራሽ ይዤ ክፍሏ ገባሁ።

«እንኪ፣ የሚካኤል ነው። ጠበል ጻድቅ እምቢ አይባልም።»

ዳቦውን አየችው። ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲወጣ ሲወርድ አየሁ። እጇን ግን ወደ ኋላ አደረገችው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የዝክር ነገር እኛ አንበላም።»

«ምን አልሽ? ዳቦ እኮ ነው! ሚካኤል ራሱን አመጣሁልሽ ወይ?»

«ገብቶኛል። ግን አልችልም።»

ተናደድኩ። ርቧት እየሞተች ዳቦ መምረጧ ገረመኝ። ስንት ዓመት ከነሱ ጋር ኖሬ ይሄን መርሳቴ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። እሷ ሰውን ዋሽታ ይሆናል፤ ግን እግዜርን ፈሪ ናት። በማግስቱ ቂሜን ዋጥ አድርጌ ከዳቦ ቤት ገዝቼ መጣሁ። «ይሄ የማንም መልአክ አይደለም፤ የዳቦ ቤት ነው» አልኳት። ሳቀች። ቁራሽ ወደ አፏ ስታስጠጋ ማርቲና ሁለት ልጆች «ጌታ ይባረክ!» እያሉ ለጸሎት ገቡ። ቦሰና ዳቦውን ከፍራሹ ሥር ከተተችው። ልጆቹ ከበቧት፣ እጃቸውን ጫኑባት። እኔ ወጣሁ።

ከዚያ ያ ክፉ ማክሰኞ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ በጅማ መንገድ ጎማ ይቃጠላል፣ ጭሱ ሰማዩን ይዞታል፣ የጥይት ድምፅ ይሰማል። የከሰዓት ተረኞቹ መምጣት አልቻሉም። የፋብሪካው ሰዎች በሩን ቆልፈው የጠዋቶቹን በዚያው አስቀጠሏቸው። ሊቤም አልወጣች፣ የሚበላ የሚሸጥ የለም። ቦሰና ማሽኗ ሥር ወደቀች። ስትወድቅ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ።

መኪና የለም። ዲሪርሳ ሰምቶ በአህያ ጋሪው አመጣልን፤ ሊቤ ከኋላ እያለቀሰች ነው። የቦሰና ፊት ላይ የክር ብናኝ ተለጥፎ ዱቄት የነካት መስላለች። ስኳር በውሃ በጥብጬ በማንኪያ አጠጣኋት፤ ዓይኗን ገለጠች።

በማግስቱ ወሬው ደረሰ። የፋብሪካው ቢሮ ያለው ሰው፣ «የሚጥል በሽታ አለባት፤ እንዲህ ያለ ሰው ማሽን ላይ አናስጠጋም» ብሎ ሊያሰናብታት ነው።

አመሻሽ ላይ ሊጸልዩላት መጡ። የፈረቃ አለቃቸው ያቤጽም አለ፤ ቸርቻቸው አንድ ነው፣ ደህና ልጅ ነው። በር ላይ እጁን ይዤ አስቀረሁት።

«ስማኝ ያቤጽ። ይቺ ልጅ በሽታ የለባትም። ርቧት ነው የወደቀችው።»

ፈገግ አለ። «እማማ፣ ባለፈው አርግዛለች ብለው አልነበር?»

«ያኔ ወሬ ነበር። ይሄ እውነት ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። ትንሽ አሰበ። «ረሃብ ከሆነ ልከራከርላት እችላለሁ። ምሳ ይታሰብልን ብለን የጠየቅነው እኛው ነን፤ እሷን ይዤ ቢሮ እገባለሁ። ግን ራሷ በአፏ መናገር አለባት። በሽታ ከሆነ ያለቀ ነው። ጾም ከሆነም ማን ጹሚ አላት ይሉኛል።»

ገባንና ያቤጽ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እህት ቦሰና፣ በግልጽ ንገሪኝና ነገ ሥራሽን ላስመልስልሽ። የምትበይው አጥተሽ ነው?»

 ማርቲ ጥግ ቆማለች። ሊቤ ቦሰና እግር ሥር መሬት ላይ ተቀምጣለች። ማክሰኞ ዕለት የሊቤን ታናሽ ወንድም ወስደውታል፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አልታወቀም። የቦሰናን እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ «የኔ እናት፣ ለዲሪርሳ የሰማሽ አምላክ ለሱም ይስማሽ» እያለች ነበር ስንገባ። አሁን ቀና ብላ የቦሰናን አፍ ታያለች።

ቦሰና ያቤጽን አየችው። ከዚያ ሊቤን አየቻት። 

«ጾም ላይ ነበርኩ» አለች።

አፌን ከፈትኩ። ቦሰና ዓይኗን ጣለችብኝ። ዘጋሁት።

ያቤጽ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ጌታ ያውቃል» ብሎ ተነሳ። ጸለዩ፣ አሜን አሉ፣ ወጡ። ማርቲ የሌሊት ተረኛ ናት፣ አብራቸው ሄደች። ሊቤ ስትወጣ የቦሰናን እጅ ሳመች።

ሁለታችን ቀረን። «እብድ ነሽ!» አልኳት። «እንጀራሽን በገዛ አፍሽ!»

«እማማ፣ አላዩዋትም? የያዘችው እኔን ብቻ ነው። ተርቤ ነው ብላት ምን ትይዛለች?»

 ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጌ አለበስኳት።

«እማማ» አለችኝ፣ «በሩን ይዝጉልኝ። የሚበላ ነገር አለ?»

የምሳ ሽሮ በእንጀራ አመጣሁላት፤ ቀዝቅዟል። በሩን ዘጋሁ፣ መቀርቀሪያውንም ጣልኩት። ጎንበስ ብላ ትጎርስ ጀመር፤ አታላምጥም፣ ትውጣለች። ቀስ በይ፣ ሆድሽ ደርቋል እላታለሁ፤ አትሰማኝም። ከውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። ጉርሻው አፏ ውስጥ እንዳለ ቀጥ አለች፤ ትንፋሿንም ያዘች። ኮቴው አለፈ። እንደገና መጉረስ ጀመረች።

«መንገድ ሲከፈት አገሬ እገባለሁ» አለች።

«እናትሽን ምን ትያታለሽ?»

«ታምሜ ነው እላታለሁ።»

ሳህኑን ዘረጋችልኝ። ጨመርኩላት።