የነጅማ ጾም

ሃያ ዩኒት ነው የወጋሁት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፌ፣ ቧንቧውን ለድምፁ ከፍቼ፣ ኢንሱሊኑን ሆዴ ላይ ወግቼ መርፌውን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ደርሼ እበላለሁ ብዬ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ታዲያ አሚራን ምን ትያታለሽ፣ የልጅሽ ሚስት ናት፣ ዛሬ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ ለቅሶው አብረን እንሂድ ብላ ክንድሽን ይዛ ከሰንጋ ተራ ታክሲ ውስጥ አስገብታ እዚህ ጠመንጃ ያዥ፣ ዙሃራ ቤት፣ ፍራሽ ላይ አምጥታ ስታስቀምጥሽ፣ ቆይ ልጄ ቁርሴን ልብላ ትያት ነበር? በረመዳን?

አምስት ሰዓት አልፏል። ጣቶቼ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል።

ሻሹን ወደ ፊት ሳብ አድርጌ እጄን ከሥሩ እደብቃለሁ፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ አንዷ ቁርኣን ታነባለች፣ ሌላዋ የዛሬ ሦስት ቀን የሆነውን ገና ለመጡት ትነግራለች፣ ዙሃራ ሱቋ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ጋደም እንዳለች፣ እንቅልፍ መስሏቸው፣ በረመዳን፣ ጾመኛ ሆና፣ ታድላ፣ አላህ እንደሷ ያድርገን፣ አሚን፣ እኔም አሚን እላለሁ፣ ምላሴ ከብዶኛል። ታድላ ይላሉ። ምኑን ታደለች፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው።

ሐኪሙ የሰጠን ወረቀት ትዝ ይለኛል፣ ታካሚው መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ምግብ ሳይመገብ መቆየት የለበትም፣ ለጤናው ቀዳሚው ኃላፊ ራሱ ታካሚው ነው፣ ለሁለታችንም ባንድ ቀን ነው የሰጠን፣ እኔ ፍሪጄ ላይ ለጠፍኩት፣ ዙሃራ ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት፣ አሳምሬ ነበር ያነበብኩላት። ሐኪሙ ሁለታችንንም አትጾሙም አለን፣ ሸኽ ሙስአብም አትጾሙም አሉ፣ የታመመ ሰው በየቀኑ አንድ ድሃ ያብላ እንጂ ራሱን አይግደል፣ ይኸው ነው፣ በቃ፣ እንዳትበዪ ማን ከለከለሽ ነጅማ? ማንም። ሠላሳ አምስት ዓመት ጾሜ ስኳር አሸነፋት እንዳልባል ብዬ ነው፣ ምራቶቼ ሌሊት ለሱሁር ሊበሉ ሲነሱ እኔ ተኝቼ እንዳልገኝ ብዬ። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አዎ፣ ከእነሱ ጋር ለሱሁር እነሳለሁ፣ ከእነሱ ጋር አፈጥራለሁ፣ በመሃል ደግሞ ሜክሲኮ ከደረጃው ሥር ያለችው ካፌ አለች፣ ሻሼን ቀይሬ ፊቴን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ ሰላሁን አስተናጋጁ ማዘር እንደተለመደው ነው አይደል ይለኛል፣ ሁለት ቅቅል እንቁላል ባንድ የገብስ ዳቦ፣ ሻይ ያለ ስኳር፣ አንዱን እንቁላል እዚያው እበላዋለሁ ሌላውን ጠቅልሎ ይሰጠኛል፣ እሱን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቄ ውስጥ በተሰቀሉት መጋረጃዎች መሃል ቆሜ እበላለሁ። ጠንቃቃ ነኝ እኮ። ማር አልነካም፣ ቴምር አላበዛም፣ ሳንቡሳ ከአንድ በላይ አላነሳም፣ በየጠዋቱ ጣቴን ወግቼ እለካለሁ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ ሠላሳ፣ የታመመ ሰው ራሱን መጠበቅ እንዴት እንደሚችል ከፈለጋችሁ እኔን እዩ።

ዙሃራ የምጾም መስዬ አየችኝ። ሱቄን ከሚከፍለው ኮምፔርሳቶ ወዲያ በኩል የሷ ሱቅ ነው፣ ፕላስቲክ ሳፋና ባልዲ፣ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን መጣች፣ አንቺ ነጅማ እውነት ትጾሚያለሽ? ስኳርሽስ? መቶ ሃያ አምስት አልኳት፣ እውነት ነበር። እንዴት ቻልሽው? አላህ ይረዳኛል፣ አልኳት። ሁለት ቃል። እንቁላሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር እውነቱ፣ ደንበኛ ገባ፣ ስንት ነው ሜትሩ አለኝ፣ ነገርኩት፣ ዞር ስል ሄዳለች። በማግስቱ እሷም ጾመች።

ላቡ መጣ። ቀዝቃዛ ነው፣ ከአንገቴ ሥር፣ ግንባሬ ላይ።

ይሄን ላብ አውቀዋለሁ፣ ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቁላሌን በልቼ አፌን ጠርጌ ወደሷ ስወጣ ግንባሯ ላይ ነበር፣ ጭንቅላቷን ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጎረቤቶቹ ጾም ነው ደክሟት ነው ተያት ትረፍ አሉኝ፣ ተውኳት፣ ጨርሶም አልተውኳት፣ ሄጄ ቡናማ መጋረጃ አምጥቼ አለበስኳት፣ ጀርባዋን ሸፈንኩላት፣ በእግር ጣቴ እየረገጥኩ ወጣሁ። አዛን ሲል ቴምርና ውሃ ይዘን ልንቀሰቅሳት ገባን። ቦርሳዬ ውስጥ ያኔም ከረሜላ ነበር፣ ሦስት፣ ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ በመሐረብ የታሰረ። አንዱ ይበቃት ነበር።

ድምፆቹ እየራቁ ነው፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ፊት ለፊቴ ያለው በር ሁለት ይሆናል አንድ ይሆናል፣ ተነሽ ነጅማ፣ መጸዳጃ ቤት ግቢ፣ ከረሜላውን እዚያ ብዪው፣ ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ እሺ አትነሽ፣ ዝም ብለሽ ጋደም በይ፣ ደክሟት ነው ይላሉ፣ ያለብሱሻል፣ ታድላ ይሉሻል፣ ደህና ነው፣ ሞቅ ያለ ነገር አለው፣ አይ፣ አይደለም፣ ልሞት አልፈልግም፣ እፈራለሁ።

ነስሪን መጣች። የዙሃራ ልጅ፣ ዓይኗ አብጧል፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጇን ጉልበቴ ላይ ታደርጋለች፣ እትዬ ነጅማ፣ ደከመዎት? እናቴ እኮ ስለእርስዎ ነበር ሁልጊዜ የምታወራው፣ ጠዋት ጠዋት መርፌዋን ስወጋት እባክሽ እማዬ ዛሬ እንኳ ብዪ ስላት፣ ነጅማ ችላው የለ እንዴ፣ እኔ ከነጅማ በምን አንሳለሁ ነበር የምትለኝ። የመጨረሻውም ቀን እንደዚያው ነው ያለችኝ።

እጄ ቦርሳው ውስጥ ነው። መሐረቡ አልፈታ ይላል፣ በጥርሴ እፈታዋለሁ፣ የከረሜላው ወረቀት ተንኮሻኮሸ፣ ቁርኣን የምታነበው ሴት አቁማለች፣ አሚራ ከበሩ በኩል ቀና ብላለች፣ ነስሪን ጣቶቼን ታያለች፣ ምን እያደረጉ ነው? አፌ ውስጥ ከተትኩት። ሌላውንም። ቆረጠምኩት፣ ድምፁ ራሴ ውስጥ ይጮኻል፣ ጣፋጩ በምላሴ ሥር ይወርዳል፣ ላቡ ገና አለ፣ እየቆየ በሩ አንድ በር ይሆናል፣ ፊቶቹ ይመለሳሉ፣ አእምሮዬም ይመለሳል፣ ሳይመለስ ቢቀር ይሻለኝ ነበር።

ስኳሯ ወርዶ ነው፣ ታማሚ ናት፣ ምንም አይደል፣ ዛሬ ብቻ ነው ያፈጠረችው፣ ትላለች አንዷ፣ መንገድ ትከፍትልኛለች፣ ሰፊ መንገድ። ነስሪን ግን እኔን ነው የምታየው፣ እንደ እናቷ ናት ስታይ፣ እትዬ ነጅማ፣ ዛሬ ብቻ ነው አይደል?

አይደለም ልጄ፣ እላታለሁ፣ ድምፄ ደህና ይሰማል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ እበላ ነበር፣ እናትሽን ዋሽቻታለሁ።

ነስሪን እጇን ከጉልበቴ ላይ ታነሳለች፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስል።