ለሐሙስ ያቆየው

«ያቺ ሴት ዛሬም መጣች» አለች አክስትየው ወደ ልጅቱ ጆሮ ጠጋ ብላ። «ከቀብሩ ወዲህ ሦስተኛ ቀኗ ነው። አታለቅስ፣ አትጫወት። ወንድሜ የደበቃት ውሽማ ትሆን እንዴ?»

ልጅቱ ከነሐዘኗ ፈገግ አለች። «በሰባ ዓመቱ?»

«የወንድ ሞኝነት ጡረታ አይወጣም።»

ሴትየዋ በሩ አጠገብ፣ ቀጠሮ እንዳለው ባለጉዳይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ለቀስተኛው ነፍስ ይማር ብሎ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ ሲወጣ እሷ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ አትነቅልም።

ልጅቱ በሌላ ከተማ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ከትንሽነቷ ጀምሮ ነገር ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አባቷም «አንቺ መርማሪ» ይላት ነበር። ስለ ጦርነቱ ስትጠይቀው ግን «ሹፌር ነበርኩ፤ የተጫነልኝን አደረስኩ» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ሰላም ወርዶ የእርቅ ሸንጎው ሲቀመጥም ወደዚያ መሄዱን ሰምታ ጠይቃው ነበር። «ለምስክርነት ነው» አላት። በዚሁ አለፈ።

ቤቱ ጭር ሲልላት ተነስታ ሴትየዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ አባቴን ከየት ያውቁታል?»

«ባሌን የጫነው እሱ ነው» አለች ሴትየዋ ድምፅዋን ሳትለውጥ። «ባሌ አስተማሪ ነበር። ከአሥራ አንድ ሰው ጋር በአባትሽ መኪና ወደ ድንጋይ ካባው ተወሰደ፤ በዚያው ቀረ። አባትሽ እዚያ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቅ ነበር። በኋላ ማንም ሳይጠራው፣ በገዛ እግሩ ሸንጎው ፊት ቆሞ ተናገረ። የተቀበሩበትንም አሳየ።»

ልጅቱ ብዙ ጥያቄ መጣባት፤ ከአፏ የወጣው ግን አንዱ ብቻ ነው።

«ይቅር አሉት?»

«አላልኩትም። እሱም አልጠየቀኝ። ግን የባሌን የመጨረሻ ቀን ያየ፣ ከሱ ሌላ ሰው የለም። ሸንጎው ምን ካሳ ትፈልጊያለሽ ሲለኝ፣ ሐሙስ ሐሙስ ቤቴ እየመጣ ይንገረኝ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልቀረም። አንዱን ሐሙስ ባሌ አንድ ሽማግሌ ደግፎ መጓዙን ነገረኝ፤ ሌላውን ሐሙስ ሰዓት ስንት ነው ብሎ መጠየቁን። ሲያልቅበት ያንኑ ይደግምልኛል። ባለፈው ግን ‹አንድ የቀረኝ አለ፣ አፌ እምቢ አለኝ፤ ለሐሙስ› ብሎኝ ሄደ። ማክሰኞ ሞተ።» አቀረቀረች። «ምናልባት ላንቺ ነግሮሽ እንደሆነ ብዬ ነው የምመላለሰው።»

ልጅቱ «ባልዎ ስምዎን ጠርተው ነበር» ብትላት ሴትየዋ ታምናታለች፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ አባቷ ሰኞ ዕለት፣ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ያለው ትዝ አላት። በትኩሳት እየነደደ እጇን ያዘና «ኮቴን መለሰልኝ» አለ። «ማን ነው አባባ?» «ያ ሰውዬ። ብርድ ነበር፣ ሰጠሁት። ሊወርድ ሲል አውልቆ ‹አንተ ተመላሽ ነህ፣ መንገድ ላይ ይበርድሃል› አለኝ።» ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፈው ብላ ግንባሩ ላይ ያለውን እርጥብ ጨርቅ ለወጠች። ያን ቀን አልመረመረችም።

አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ ነገረቻት። «ሰውዬው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም» አለች።

«ተመላሽ ነህ ነው ያለው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«እሱ ነው» አለች ሴትየዋ። «የሰው ዕቃ እጁ ላይ አያሳድርም ነበር።»

ከዚያ ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ የተከማቸውን የሻይ ብርጭቆ ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ሄደች። አክስትየው «ኧረ እንግዳ አያጥብም» ብትል፣ «ተይኝ» አለቻትና እጅጌዋን ጠቀለለች። ልጅቱ ፎጣ አንስታ ከጎኗ ቆመች። ሴትየዋ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አለቅልቃ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና አቀበለቻት።