የሙሽራው ፀጉር

ሰፈሩ ሁሉ «ምላጩ» ነው የሚለው። አሥራ ስድስት ዓመት ፀጉር ሲያስተካክል ኖሮ፣ ከደንበኞቹ አንገት ጀርባ የሚያወጣው መስመር ቀጥ ከማለቱ የተነሳ ስሙ በዚያው ጸናበት። አምና አንድ ቀን የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰና ሊደፍን ወጣ። ቆርቆሮው ከዳውና ወደቀ። ሆስፒታል ውስጥ ሲነቃ ህብለ ሰረሰሩ ወገቡ ላይ መጎዳቱን፣ እግሮቹ ከእንግዲህ እንደማይታዘዙት ሐኪሙ ቁልጭ አድርጎ ነገረው።

ከዚያ ወዲያ ቤት ዋለ። የሱቁን ቁልፍ ለሚስቱ ሰጣት። ደንበኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ «ተኝቷል በያቸው» ይላል። አሥራ አንድ ወር ሲሞላ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ መዋሸት ሰለቻት።

«ዛሬም ተኝተሃል?» አለችው አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

«ተኝቻለሁ።»

«እንግዲያው ተኝተህ ስማ።»

ስልኳን ከክር ካርቶኑ ጋር አስደግፋ ፊቱ አቆመችለት። ሆስፒታሉ በሰጣቸው ወረቀት ላይ፣ ህብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በቪዲዮ እንደሚገናኙ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱን እሱ ጥሎት፣ እሷ አንስታ ደብቃው ኖሯል።

«እኔ እብድ ነኝ?» አለ።

«አይደለህም። ግን እኔን ልታሳብደኝ ነው።»

ካሜራውን አጥፍቶ ገባ። ሦስት ሐሙስ ትንፍሽ ሳይል አለፈ። ባለሙያዋ ለስለስ ያለ ድምፅ ያላት ወጣት ነች፤ «መስማትም መሳተፍ ነው፤ ሲመችዎት ይናገራሉ» ብላ አላስጨነቀችውም።

በአራተኛው ሐሙስ ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ ሾፌሩ፣ ነገር አመጣ። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ፣ ስልሳ የተጠጋው፣ ድምፁ እንደ ጡሩምባ የሚያስተጋባ ሰው ነው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሉት።

«የልጄ አማቾች ሊጠይቁኝ መጡላችሁ» አለ። «ክራቫቴን አስሬ፣ ክብሬን ጠብቄ ተቀመጥኩ። ለካ የሽንት ከረጢቱን በደንብ አልዘጋሁትም! ሴትዮዋ የራሰ ጫማዋን አየች፤ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ‹ጣሪያችሁ ያፈሳል እንዴ?› አትለኝም! ‹አዎ፣ ነገ ሠራተኛ እናመጣለን› አልኳት!»

ምላጩ ሳያስበው ከሆዱ ሳቀ። ዓመት ሙሉ የታመቀ ሳቅ ነውና ቶሎ አልቆመለትም። ማይኩን መዝጋት ረስቶ ኖሯል።

«ማነው እሱ?» አለ ሾፌሩ። «ያ ጥቁር ሳጥን ነው የሳቀው? በሕይወት አለ ማለት ነው!»

«አለሁ ጋሼ» አለ ምላጩ እንባውን እየጠረገ። «እኔንም ለዚህ ያበቃኝ የሚያፈስ ጣሪያ ነው።»

ሾፌሩ ራሱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሁሉም ተከተሉት። እዚህ ቤት ደግሞ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

የዚያን ቀን ምላጩ ትንሽ ተናገረ። እጁ ደህና ነው፤ ግን ፀጉር አስተካካይ የሚሠራው ቆሞ ነው። የደንበኛውን አናት ማየት ካልቻለ ምን ሊሠራለት ነው? ባለሙያዋ ምክር አልደረደረችበትም። «ከሥራው የቱ ነው የናፈቀዎት?» ብቻ አለችው።

«መጨረሻ ላይ ከኋላ መስታወት ስይዝለት ነዋ» አለ። «ሰውየው ፊት ላይ የምትመጣ ነገር አለች።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላው ተሰብሳቢ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ፀጉሩ ጎፍሮ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። እሁድ ሠርጉ ነው። የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን የሕንፃው አሳንሰር ተበላሽቷል። እሁድ ወንድሞቹ ከነዊልቸሩ ተሸክመው ያወርዱታል፤ ለፀጉር ብሎ ሁለቴ ማስቸገሩን ግን አልፈለገም። ቤት ድረስ እመጣለሁ ያለው ፀጉር አስተካካይም ሳይመጣ ቀረ።

«ሙሽራ ነህ ወይስ ባሕታዊ?» አለው ሾፌሩ።

«ችግር የለም፣ እኔ እቆርጠዋለሁ» አለች ከኋላው የቆመችው ታናሽ እህቱ። የተዋሰችውን የፀጉር መቁረጫ ቶንዶስ አስነሳችና ከጆሮው ጫፍ ወደ ላይ ሽቅብ ነዳችው። ላዩ ላይ የሚገጠመውን ማበጠሪያ አልገጠመችም ነበር። አውራ ጣት የሚያህል በራ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«መንገድ ከፈተች!» አለ ሾፌሩ።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?» አለ መምህሩ ጭንቅላቱን እየዳሰሰ። እህቱ እንባዋ መጣ።

«እጅሽን አንሺ! እንዳትነኪው!»

ሁሉም ስክሪናቸው ላይ አፈጠጡ። ጥቁሩ ሳጥን በርቶ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ዓይኑ የሚያበራ ሰው ወደ ካሜራው ተጠግቷል።

«እህቴ፣ አይዞሽ» አለ ምላጩ። «እኔም ስጀምር ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። እስቲ አዙሪው፤ ጎኑን ልየው። ጥሩ። አሁን በዚያኛውም ጎን እዚያው ድረስ አውጪው።»

«ደግሜ?»

«ደግመሽ። ቀጥሎ አጭሩን ማበጠሪያ ግጠሚ። ከበራው ጫፍ ጀምረሽ ትንሽ ወደ ላይ ውጪና እንደ ማንኪያ ወደ ውጭ ጠለፍ አድርጊው። እንዲህ!» በሚስቱ መቀስ እጀታ በራሱ ጭንቅላት ላይ አሳያት። «እንዲያ! እጅሽ ደግ ነው። ደሞ ቀስ በይ፣ ሙሽራው የትም አይሄድም።»

«የት አባቴ እሄዳለሁ» አለ መምህሩ።

ባለሙያዋ የዕለቱን ርዕስ እርግፍ አድርጋ ትታ ስታይ ቆየች። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ እህትየዋ መስታወት ከኋላው ያዘችለት። መምህሩ አንገቱን ወዲያና ወዲህ አለ፤ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ገለጥ አለ፤ ዓይኑ ሳቀ። ምላጩ ያቺን ፊት አያትና ግንባሩን ጠረገ።

«እርስዎስ? ምን ተሰማዎት?» አለች ባለሙያዋ።

«አላበኝ» አለ። ከዚያ ራሱ በራሱ የተገረመ ይመስል፣ «ዶክተር፣ ቁጭ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት!»

«እሁድ ካልመጣህ አላገባም» አለው መምህሩ።

ስልኩ ሲዘጋ ምላጩ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያ ጥቁሩ ሱሪዬ ሰፍቶኛል። አጥብቢልኝ።» እሷም ፊቷን እንዳያይባት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ስትፈልግ ቆየች።

እሁድ አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ያ የጡሩምባ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። ምላጩ ግዙፍ ሰው ጠብቆ ዞር ሲል፣ ዊልቸሩ የሚሰፋው ጭብጥ የማይሞላ መላጣ ሰውዬ እጁን ዘርግቷል።

«ጋሼ? እርስዎ ነዎት?»

«ስልኩ አግንኖኝ ነው!»

ሙዚቃው ሲደምቅ ሙሽራው ሙሽሪትን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ዊልቸሩን አሽከረከረው። ምላጩም በአንድ እጁ ጎማውን፣ በሌላው ሚስቱን ይዞ ዞረ፤ ሁለቴ ከጠረጴዛ ጋር ተጋጩ። የሙሽሪት አባት ቀረብ አሉና «ልጃችንን እንዲህ ያሳመርከው አንተ ነህ አሉኝ። ሱቅህ የት ነው?» አሉት።

«ሱቁማ…» አለና አመነታ።

«ማክሰኞ ይከፈታል» አለች ሚስቱ።

«ማክሰኞ?»

«አንድ አናጢ ነገ የደንበኛውን ወንበር እግር ያሳጥረዋል። ተነጋግረናል።»

ምላጩ ሳቁ መጣ።

«የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ!» ጮኸ ሾፌሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ መላጣ ነዎት።»

«ታዲያ ቶሎ ትጨርሰኛለህ!»