እጅ የማይደርስበት

በእንጨት ሥራ ቤቱ መጸዳጃ ውስጥ በሩን ቀርቅሮ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ቀኝ እጁን በትከሻው በኩል፣ ግራውን በወገቡ በኩል ወደ ኋላ ሰደደ። አልደረሰም። ሁለቱ እጆቹ ጀርባው መሀል ሊገናኙ አራት ጣት ያህል ሲቀራቸው ይቆማሉ፤ የቁስሉ ፋሻ ደግሞ እዚያችው አራት ጣት ላይ ተለጥፏል። እንግዲህ ምን ይባላል! አርባ ስድስት ዓመት የተሸከመውን ጀርባ መንካት አቃተው።

ከአምስት ቀን በፊት ክሊኒክ ውስጥ እብጠት አውጥተውለት ነበር። ነርሷ አደራ ብላዋለች። "በየቀኑ ይቀየር፤ ባለቤትዎ ይቀይሩልዎት። ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከያዝዎት ሳያድሩ ይምጡ። ደም ውስጥ ከገባ ይገድላል፤ እንዳይንቁት።"

እሱም አፉን ሞልቶ "እሺ" አለ። የቷ ባለቤት? ሚስቱ ልጃቸውን ይዛ ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው።

ይህን በሥራ ቤቱ አንድም ሰው አያውቅም። እዚያ ስሙ "ሙሽራው" ነው። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ መጋዙን አጥፍቶ፣ ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ቤቱ ስለሚሮጥ ያወጡለት ስም ነው። ዛሬም ድረስ ወደ ባዶ ቤት ይሮጣል፤ ቀስ ብሎ ቢሄድ የሚያውቁበት ይመስለዋል። ጉድ እኮ ነው!

ሸሚዙን ሲለብስ ጥርሱ ተንገጫገጨ። ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆኖ እሱን ከጠዋት ጀምሮ ይበርደዋል። ሽታም አለ። የሙጫ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ፤ የሙጫን ሽታ ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፈራ። መሞቱን ብቻ አይደለም የፈራው። ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ ሞቶ፣ ሰኞ ጓደኞቹ "ሙሽራው ቀረ፤ ሚስቱ አለቅህም ብላው ይሆናል" ብለው ሲስቁ በዓይነ ሕሊናው ታየው።

በሩን ሲከፍት ቀቢው ፊት ለፊቱ ቆሟል። ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። አለቃውን ሳይቀር ስለሚያዝዝ "ሻለቃ" ይሉታል።

"አንተ ሙሽራ፣ ምጥ ያዘህ እንዴ እዚያ ውስጥ?"

መሳቅ ነበረበት። ሳቁ ግን አልመጣ አለው፤ ግድግዳውን ያዘ።

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"ደህና ነኝ።"

"የምን ደህና! ትንቀጠቀጣለህ እኮ።" ሻለቃ በቫርኒሽ የጠቆረ መዳፉን ግንባሩ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳው። "ኧረ ሰውዬ፣ እሳት ሆነሃል! ሚስትህ እንዴት ብላ ለቀቀችህ?"

"እምቢ ብያት ነው" ሊል ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሻለቃ፣ ጀርባዬን እይልኝ" አለ በምትኩ። የራሱ ድምፅ አልመስል አለው። "የሚያይልኝ ሰው የለም።"

ሻለቃ ሸሚዙን ከኋላ ገልጦ አየ፤ ቀስ ብሎም መለሰው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቁስሉ አምስት ቀኑ ነው።"

"ቁስሉን አላልኩህም። የሚያይልህ ያጣኸው።"

"ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።"

ሻለቃ ክንዱን ያዘው። "በል ና፣ እንሂድ" ብቻ አለው። ክሊኒኩ እስኪደርሱ ክንዱን አልለቀቀም። አያያዙ ያማል፤ እሱ ግን ልቀቀኝ አላለም።

ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ ፊቷ ተለዋወጠ።

"አሁኑኑ ይተኛሉ፤ እንደገና መከፈት አለበት" አለችና ቅጽ ሳበች። "ለክፉም ለደጉም የምንጠራው የቅርብ ሰው ያስፈልጋል። የባለቤትዎን ስም ልመዝግብ?"

"አይ፣ የእሱን" አለ፣ በሩ ላይ ወደቆመው ሻለቃ እያሳየ።

"እሺ፣ ሙሉ ስማቸውን ማን ልበል?"

ስንት ሺህ ቀልድ፣ ስንት ስድብ ተለዋውጠዋል፤ የዚህን ሰውዬ ስም ግን አያውቅም። አፈረ። ፍርሃቱም እንዳለ ነው። አፉ ላይ የመጣለትን ስም ቢነግራት ማን ያውቅበታል? ነርሷ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች።

ወደ በሩ ዞረ።

"ሻለቃ" አለ፣ "ስምህን ከነአባትህ ንገረኝ።"