ወንድ የሌለበት ገንዳ

ቀናተኛ ነኝ። ሰው ከሚናገርብኝ ራሴ ልናገረው። እናቴም ቀናተኛ ነበረች፣ ታናሽ እህቴም ያው ናት። እሷ ግን ስትቀና ታለቅሳለች፣ እኔ ደግሞ ነገር እፈልጋለሁ። ባሌ አሳንሰር ጠጋኝ ነው፣ ከፎቅ ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ እሰፋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን የቀናሁበት ነገር ተቆጥሮ አያልቅም፤ በዓሣ ምክንያት እቀናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አምስት ሆነው ነው የገቡት። ጉፒ ይባላሉ። ትልቋ ከትንሿ ጣቴ አትበልጥም፣ የወንዶቹ ጅራት ደግሞ የሐር ቁራጭ ይመስላል። የሰጠችው ሴት እሱ አሳንሰር በሚጠግንበት ሕንፃ ምድር ቤት የዓሣ ሱቅ ያላት ናት። ጉፒ እንደ ሌላው ዓሣ እንቁላል አይጥልም። ተዘጋጅቶ ያለቀ፣ የሚዋኝ ልጅ ነው የሚወልደው፤ ያውም በየወሩ፣ ያውም ሃያ ሠላሳ። በአምስት ወር ውስጥ ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ገንዳ፣ መስኮቱ ላይ አራት ጠርሙስ፣ መታጠቢያ ቤት ደግሞ ልብስ የማጥብበት ሳፋ ሳይቀር በዓሣ ተሞላ። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ውሃ ስትጠይቀኝ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁትን ብርጭቆ አቀበልኳት። ወደ አፏ ስታስጠጋው ከውስጥ የሆነ ነገር ሲዋኝ አየች። ቀሚሷን ሳትለካ ሄደች።

የተረፉትን ባሌ ላስቲክ ውስጥ ከነውሃቸው እየከተተ በየቅዳሜው ለባለ ዓሣዋ ይወስድላታል። ተጨናንቀው እንዳይሞቱ ነው ይላል። እሺ፣ አይሙቱ። ዓሣ ለማድረስ ጢም መላጨት ምን ያስፈልጋል? ደግሞስ እኔ የሰፋሁለትን ሰማያዊ ሸሚዝ? ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ «እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ እንዲያ ነው የምታደርገው» ይለኛል። የስፌት መኪናዬን በንዴት እረግጠዋለሁ፤ በዚያ ሰሞን ስንት ኮሌታ እንዳጣመምኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ መላውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። «ወንዱንና ሴቷን እንለያቸው። ያኔ መራባቱ ይቆማል፣ አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንከራተት ታርፋለህ» አልኩት። ደስ አለው። አንድ እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠን ለየናቸው። የወንዱ ሆዱ ስር ያለችው ክንፍ ቀጭንና ሹል ናት፤ የሴቷ ግን ተዘርግታ ሰፋ ትላለች። እሱ በመረብ እየጨለፈ ያሳየኛል፣ እኔ «ወንድ፤ ሴት፤ ሴት» እያልኩ እፈርዳለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ የሰፋሁ ሴት ነኝ፣ ዓይኔ አይስትም። ስንስቅ ዋልን። እንደዚያ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነበር። አሥራ ሰባቱን ሴቶች ለብቻቸው አንድ ገንዳ ውስጥ ከተትን፣ ወንዶቹን በሌላው። ጥቃቅኖቹን ለመጨረሻ ጊዜ ለሴትዮዋ አደረሰ። የሴቶቹን ገንዳ በስስ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብቼ ጥብቅ አድርጌ ሰፋሁት። ምግብ የሚጨመርባት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተውኩ።

በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት ገንዳው ውስጥ ነጥብ ነጥብ የሚያካክሉ ልጆች አየሁ። ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ስድስት ናቸው።

ደሜ ፈላ። ወንድ በሌለበት ልጅ ከየት ይመጣል? እኔ ስለይ አልተሳሳትኩም፤ ስለዚህ ተንኮል የሠራ ሰው አለ። ቀዳዳዋ ለአንድ ወንድ ዓሣ ትበቃለች። ወንዱን አስገብቶ፣ ጉዳዩ ሲያልቅ መልሶ አውጥቶታል ማለት ነው። ለምን? ቅዳሜው እንዲመለስለት ነዋ። ስፌቴን ዞሬ ዞሬ መረመርኩት፣ አንዲት ክር አልተነካችም። ይኸው ራሱ ይበልጥ አናደደኝ። ምን ያህል ቢጠነቀቅ ነው አልኩ።

ጫማውን ሲያስር ደረስኩበት። «ወንድ ጨምረሃል» አልኩት።

«የት ነው የጨመርኩት?»

«አታሞኘኝ። ለሷ የምትወስደው እንዳያልቅብህ ነው።»

«አባቴ ይሙት አልጨመርኩም» አለ።

እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። የአሥራ አንድ ዓመቱን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ የመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊ፣ የፎቁን ተከራይ፣ በአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ እጁን ይዛ ያስጨፈረችውን። የጫማውን ክር አስሮ ጨረሰና ቀና አለ።

«ሌላ ከተማ ሁለት ዓመት ሠርተህ ና ብለውኛል» አለኝ። «ዓርብ መልስ እንድሰጥ ነው። እምቢ ልላቸው ነበር። አሁን ካንቺ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ፤ አምንሃለሁ በይኝ። ካልሽኝ እቀራለሁ። ካላልሽኝ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ በየቀኑ ከምመረመር ብሄድ ይሻለኛል።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ይህን ያለኝ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ አላልኩትም። ሐሙስም አላልኩትም። ሐሙስ ራት ላይ ቆርጬ ልናገር ቀና አልኩና «ጨው አነሰው እንዴ?» ብዬው አረፍኩ። እሱም «ደህና ነው» አለና ሳህኑን አነሳ። እንዲሄድብኝ አልፈልግም ነበር። ግን ሃያ ስድስት ልጅ ቆጥሬ እንዴት አድርጌ ነው የማምነው?

ዓርብ እሱ ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። እኔ ክር ልገዛ ነው ብዬ ወጣሁና ቀጥ ብዬ ዓሣ ሱቁ ሄድኩ።

ቆንጆ ናት፣ አልዋሽም። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ገንዳ ስታጥብ ደረስኩ። ቀሚሷ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ያህል ሰፍቷታል፤ ይህን ሳይ ትንሽ ቀለል አለኝ። «ይግቡ እትዬ» አለችኝ። እትዬ ማለቷን ደግሞ አልወደድኩላትም።

ማንነቴን ሳልናገር «ሴት ብቻ ባለበት ገንዳ ጉፒ ይወልዳል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ይወልዳል እንጂ» አለችኝ። «ሴቷ አንዴ ከወንድ ጋር ከተገናኘች ዘሩን ሆዷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ በኋላ ወንድ የሚባል ሳታይ ለወራት በላይ በላዩ ልትወልድ ትችላለች። እንዳይበዙብዎት ከፈለጉ ገና ልጅ ሳሉ፣ ወንዶቹ ሳይደርሱ ነው መለየት። ትልልቆቹን ቢለዩ ቶሎ አያቆሙም።»

«ለወራት?» አልኳት። ሴትዮዋ ትኩር ብላ አየችኝና «ልብስ ሰፊዋ ነዎት መሰለኝ» አለች። «ባለቤትዎም ረቡዕ መጥተው ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። እንግዲያው ይንገሯት ስላቸው እምቢ አሉኝ። ማስረጃ አቅርቤላት ካመነችኝማ ምኑን አመነችኝ አሉ።»

ሰውዬው ንጹሕ ነው። ይህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ደስም ብሎኛል። ግን ረቡዕ እኔ እቤት ቃል አጥቼ ስታፈን፣ እሱ የቤቴን ገመና ለዚህች ቆንጆ ሲዘከዝክላት ነበር ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገዴ ሁሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ «አምንሃለሁ፣ አምንሃለሁ» እያልኩ ተለማመድኩ፤ አላፊ አግዳሚው አብዳለች ሳይለኝ አይቀርም።

በሩን ስከፍት ሁለቱም ገንዳዎች ባዶ ናቸው። ጠርሙሶቹም ታጥበው ተደፍተዋል። የሰፋሁትን ጨርቅ አጥፎ መኪናዬ ላይ አስቀምጦልኛል። እሱ ወለሉን ይወለውላል።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያቺን ቃል ልናገር ነበር አፌን የከፈትኩት። «ለሷ ሰጠሃቸው?» አልኩት። የመጣሁት ከሷ ሱቅ ነው፤ እዚያ እንዳላደረሰ በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። ቢሆንም አፌ ጠየቀ።

«አሳንሰሩን ለምጠግንለት ሆስፒታል ነው። የሕፃናት ክፍሉ መጠበቂያ ውስጥ ባዶ ገንዳ ነበራቸው» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እጁን አደራረቀና ለአለቃው ደወለ። «እሺ፣ ሰኞ እነሳለሁ» አለው።

ስልኩን ከዘጋው በኋላ ነው ቃሏ የወጣችው።

«አምንሃለሁ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

ከዓሣ ሱቁ ከወጣሁ ግማሽ ሰዓት አልሞላኝም ነበር።